ኦፒዮይድ ይቀነስ ማለት ህመሙን ቻለው ማለት አይደለም

ሰሞኑን ብዙ ሰው የተቀባበለው ጽሑፍ እኔም ጋ ደርሶ አነበብኩት፣ አንብቤ ደሞ ዝም ማለት አቃተኝ። ላላነበባችሁት ባጭሩ እንዲህ ነው የሚለው፦ እጁን ኦፕራሲዮን ተደርጎ በዚያው ቀን ወደ ቤቱ የሚሸኝ ሰው ድሮ ኦክሲኮዶን ወይ ሌላ የሞርፊን ዘመድ (ኦፒዮይድ የሚባሉት ጠንካራ የህመም መድሃኒቶች) በደንብ ይታዘዝለት ነበር፣ አሁን ግን ሀኪሞች ሱስን ፈርተው ኦፒዮይዱን እየቀነሱ በሽተኛውን በፓራሲታሞል ነው የሚሸኙት፣ ይሄ ደሞ ጭካኔ ነው። ምክንያት ብለው ጸሐፊው የደረደሩት ብዙ ነው። እጅ ነርቭ ስለሚበዛበት ቀላል ክኒን አይበቃውም፣ እውነተኛ ህመም ያለበት ሰው ሱስ አይዘውም፣ ክኒኑ ቢተርፍ ማንንም አይጎዳም፣ ኦክሲኮዶን ካስፈራ ትራማዶልና ኮዴይን ለስላሳ ናቸው፣ ከአድሬናሊን ጋር የሚሰጠው የጣት ማደንዘዣ ጣት ያስቆርጣል፣ አይቡፕሮፌን ደሞ ከኦፒዮይድ የባሰ ጎጂ ነው። መሃል ላይ የአንድ በሽተኛ ታሪክ አለ፣ መጨረሻ ላይ ደሞ ስለ ህጻናት ክፍል ሁለት እንደሚቀጥል ቃል ተገብቷል።

እኔ የምሰራው በሽተኞች ከኦፕራሲዮን ወጥተው እስኪሸኙ በሚቆዩበት ክፍል ውስጥ ነው። ሲያማቸው አጠገባቸው ያለሁት እኔ ነኝ፣ ቤት ገብተው ሲብስባቸው የሚደውሉትም ለኛ ነው። ስለዚህ የጸሐፊው ንዴት ከየት እንደመጣ በደንብ ይገባኛል። የታመመን ሰው "ቻለው" ብሎ መሸኘት ነውር ነው፣ እዚህ ላይ አንድ ነን። የምንለያየው መድሃኒቱ ላይ ነው። እሳቸው ክኒኑ ሲቀንስ ህመሙ የሚጨምር አድርገው ነው ያሰሉት፣ እኔ ግን የማየው ከእጅ ኦፕራሲዮን በኋላ ሰውን በህመም የሚያሰቃየው በአብዛኛው የክኒን ማነስ ሳይሆን ከኦፕራሲዮኑ በፊት ያልታሰበበት ህመም መሆኑን ነው።

ከታሪኩ ልጀምር፣ ጽሑፉን ያስቀባበለው እሱ ነውና። አንድ ሰውዬ የእጅ አንጓው ተሰብሮ በብረት ይያዝለታል፣ ኦፕራሲዮኑ የተደረገው ብብቱ ስር መርፌ ተወግቶ ክንዱ በሙሉ ደንዝዞ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ምንም ሳያመው እየሳቀ ወደ ቤቱ ሄደ፣ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ግን ህመሙ ድንገት ቀሰቀሰውና እስኪነጋ ሲጮህ አደረ። ቤት ውስጥ የነበረው "ሲያምህ ውሰድ" የተባለው ፓራሲታሞል ብቻ ነበር። ጸሐፊው ይሄ የሆነው ኦፒዮይድ ስለተነፈገው ነው ይላሉ።

እኔ ታሪኩን ሳነብ መጀመሪያ ያየሁት ሰዓቱን ነው። ከሰዓት የደነዘዘ ክንድ ሌሊት መንቃቱ የሚጠበቅ ነገር እኮ ነው። ወደ ክንድ የሚሄዱትን ነርቮች የሚያደነዝዘው መርፌ እንደ መድሃኒቱ አይነት ከ8 እስከ 24 ሰዓት ሊቆይ ይችላል፣ ሲለቅ ግን ብዙ ጊዜ አያስጠነቅቅም፣ ምንም ያልተሰማው ሰው በአንዴ ከፍተኛው ህመም ላይ ነው ራሱን የሚያገኘው። በ2016 የወጣ አንድ ጥናት (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የእጅ አንጓ ስብራት የተጠገነላቸውን ሰዎች ለሁለት ከፍሎ አይቶት ነበር፣ ግማሾቹ ሙሉ ማደንዘዣ ግማሾቹ የክንድ ማደንዘዣ ወስደው። መጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት ላይ የበለጠ የታመሙት ሙሉ ማደንዘዣ የወሰዱት ናቸው፣ በ12ኛውና በ24ኛው ሰዓት ግን ነገሩ ተገልብጦ ክንዳቸው ደንዝዞ የነበሩት ሰዎች ነበሩ የባሰባቸው። ይሄ የሚታወቅ ነገር ስለሆነ ለበሽተኛው አስቀድሞ መነገር ነበረበት። ክንድህ ገና ደንዝዞ እያለ፣ ምንም ሳያምህ፣ ፓራሲታሞሉንና አይቡፕሮፌኑን ጀምር፣ ከመተኛትህ በፊት ድገም፣ የመጀመሪያዋን ሌሊት ስልክህን አላርም ሞልተህ ተኛ፣ እስኪያምህ አትጠብቅ። "ሲያምህ ውሰድ" ለዚህ ሰውዬ ከሁሉም የከፋው ምክር ነበር፣ ምክንያቱም ሲያመው ረፍዷል፣ የሚዋጥ ክኒን ደሞ እስኪሰራ ግማሽ ሰዓት አንድ ሰዓት ይፈልጋል።

እና አዎ፣ አጥንቱ ተሰብሮ ብረት ለገባለት ሰው ለዚያች ሌሊትና ለሚቀጥሉት ሁለት ሶስት ቀናት ጥቂት የኦፒዮይድ ክኒን ይዞ ቢሄድ እኔም ደስ ይለኛል፣ ሳይታዘዝለት ቢቀር ሀኪሙን ሄጄ እጠይቅለታለሁ። ይቀነስ የሚሉ ሰዎች አብዛኞቹ ዜሮ ይሁን አላሉም። ጸሐፊው ግን ሙሉውን ጽሑፍ የጻፉት ዜሮ ይሁን የተባለ አስመስለው ነው።

ስለዚሁ ታሪክ አንድ ነገር ልጨምርና ልለፈው፣ ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይሄ ስለሆነ። ከአንጓ ስብራት በኋላ ሌሊቱን ሙሉ የሚያስጮህ፣ በምንም የማይበርድ ህመም የማደንዘዣ መልቀቅ ብቻ ላይሆን ይችላል። ጄሶው ወይ ፋሻው ጠብቆ ይሆናል፣ እጁ ውስጥ እብጠቱ ነርቩን ተጭኖት ይሆናል፣ ከዚያም አልፎ የክንድ ጡንቻዎች በሽፋናቸው ውስጥ ታፍነው ደም አጥተው ሊሆን ይችላል፣ ይሄኛው በሰዓታት ውስጥ ካልተከፈተ እጅን እስከመጨረሻው ያበላሻል። ጣቶቹን ሌላ ሰው ቀስ ብሎ ሲዘረጋቸው ህመሙ የማይቻል ከሆነ፣ አውራ ጣትና ቀጥለው ያሉት ሁለቱ ጣቶች መደንዘዝ ከጀመሩ ወይ የማደንዘዣው ጊዜ አልፎም ካልነቁ፣ ጣቶቹ ከነጡ ወይ ከጠቆሩ መደረግ ያለበት ፋሻው ተፈትቶ በሀኪም መታየት ነው። እንዲህ ያለ ሰው ቤቱ 30 ክኒን ኦክሲኮዶን ቢኖረው ምን እንደሚያደርግ አስቡት፣ አንድ ይውጣል፣ አልሆነም ብሎ ሁለት ይጨምራል፣ ይተኛል፣ ሲነጋ እጁ የለም። ጸሐፊው ለሰውዬው የተመኙለት ያንን ነው፣ ሳያስቡት ይመስለኛል።

ወደ ነጥቦቻቸው ልሂድ። እጅ ነርቭ የበዛበት ነው ያሉት ልክ ናቸው፣ የጣት ጫፍን ያህል የሚሰማው የሰውነት ክፍል ጥቂት ነው። ግን ከዚህ ተነስቶ "ስለዚህ ኦፒዮይድ" የሚለው ድምዳሜ አይከተልም። ኦፒዮይድ በዋናነት የሚሰራው ጭንቅላትና ህብለ ሰረሰር ላይ ነው፣ እጁ ላይ አይደለም። እጅ ላይ ያሉት ነርቮች ደሞ መንገዳቸው የታወቀ፣ ከቆዳ ብዙ ያልራቁ፣ በትንሽ መርፌ እዛው የሚደነዝዙ ናቸው፣ ሆድ ወይ ደረት ውስጥ ይሄ አይገኝም። ነርቭ መብዛቱ እንዲያውም ህመሙን ከምንጩ ለመያዝ ከሁሉም የተመቸ ቦታ ያደርገዋል።

ቀላል ክኒን አይበቃውም የሚለውን ደሞ ግምት ውስጥ ሳንገባ ሰው በትክክል ምን ያህል እንደዋጠ ተቆጥሯል። በ2012 የታተመ ጥናት ከእጅና ክንድ ቀላል ኦፕራሲዮን በኋላ 250 ሰዎችን ጠየቀ፣ አብዛኞቹ የታዘዘላቸው 30 ክኒን ነበር፣ በአማካይ 19 ያህሉ ተርፎ ቤት ቀረ፣ የሁሉም ተደምሮ ከ4,600 በላይ ክኒን ማለት ነው። በ2016 ደሞ ሰፋ ተደርጎ 1,416 ሰዎች ተጠየቁ፣ በአማካይ 24 ክኒን ታዞላቸው የዋጡት 8 ብቻ ነው፣ አንድ ሶስተኛ። ከዚህ ጥናት እኔ የምወደው ኦፕራሲዮኖቹን መለየቱ ነው። ቆዳ ጅማት ነርቭ ብቻ የተነካባቸው (ካርፓል ተነል ማለትም አንጓ ላይ የታፈነ ነርቭን ማስለቀቅ፣ ተቆልፎ የሚቀር ጣትን ማስለቀቅ፣ እብጠት ማውጣት) በአማካይ 5 ክኒን በሁለት ቀን ከምናምን፣ ስብራት የተጠገነላቸው 13 ክኒን በአራት ቀን ተኩል፣ መገጣጠሚያ የተሰራላቸው ደሞ 14 ተኩል ያህል በአምስት ቀን። ስለዚህ "የእጅ ኦፕራሲዮን" ብሎ ሁሉንም አንድ ላይ ጠቅልሎ መጻፍ ራሱ ስህተት ነው፣ የጸሐፊው ምሳሌ የአንጓ ስብራት ሆኖ መደምደሚያቸው ግን የሁለት ሳንቲሜትር ቁስል ላላትም የካርፓል ተነል በሽተኛ ነው የተጻፈው።

"የዋጡት ስለተሰጣቸው ነው፣ ባይሰጣቸው ይሰቃዩ ነበር" የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። እሱም ታይቷል። በ2022 ላንሴት በሚባለው የህክምና መጽሔት ላይ የወጣ ትልቅ ግምገማ ኦፒዮይድ ይዘው ወደ ቤት የተሸኙና ያለ ኦፒዮይድ የተሸኙ ሰዎችን ያወዳደሩ 47 ጥናቶችን ሰበሰበ፣ ከ6,600 በላይ ሰዎች። በማግስቱ የነበረው የህመም ልዩነት ህመም ከ0 እስከ 10 በሚለካበት የ10 ሴንቲሜትር መስመር ላይ 0.01 ነው፣ ማለትም የለም። ማስታወክ ግን ኦፒዮይድ የያዙት ላይ አራት እጥፍ ተኩል ሆኖ ተገኘ፣ ድርቀቱ፣ ማዞሩ፣ ድብታው ሳይቆጠር። እዚያ ውስጥ የገቡት ኦፕራሲዮኖች ቀላልና መካከለኛ ናቸው፣ ከባድ ላይ ይሄንን መጥቀስ አይቻልም፣ ግን የኛ ርዕስ ቀላልና መካከለኛ የሆነው አይደል? በ2017 ደሞ ድንገተኛ ክፍል እጅ ወይ እግራቸውን ተጎድተው የመጡ 416 ሰዎች ነበሩ፣ ሩቡ አይቡፕሮፌን 400 ሚሊግራም ከፓራሲታሞል 1,000 ጋር፣ ሌሎቹ ሶስት አይነት ኦፒዮይድ ያለበት ክኒን ተሰጣቸው። ከሁለት ሰዓት በኋላ አራቱም ቡድኖች ላይ ህመሙ ልዩነት ሊባል በሚችል መጠን አልተለያየም። ሁለቱ አንድ ላይ ተወስደው እንጂ አንዱ ለብቻው አይደለም፣ ይሄንን ያዙልኝ፣ ብዙ ሰው "ፓራሲታሞል ሞክሬ አልሰራም" የሚለው አንዱን ብቻ ወስዶ ነው።

ሁለተኛው ነጥብ፣ እውነተኛ ህመም ያለበት ሰው ሱስ አይዘውም የሚለው። ይሄን ሳነብ በጣም አዘንኩ፣ ምክንያቱም ይቺ አባባል ከየት እንደመጣች ይታወቃል። በ1980 ኒው ኢንግላንድ በሚባለው ትልቅ የህክምና መጽሔት ላይ ፖርተርና ጂክ የሚባሉ ሁለት ሰዎች አንዲት አንቀጽ ደብዳቤ ጻፉ፣ ሆስፒታል ተኝተው ናርኮቲክ ከተሰጣቸው 11,882 ሰዎች ውስጥ ሱስ ተመዝግቦ ያገኘነው አራት ላይ ብቻ ነው አሉ። በቃ ይሄው ነው። ተኝተው ያሉ፣ መድሃኒቱ በነርስ እጅ የሚሰጣቸው ሰዎች ናቸው፣ ቤት ከሄዱ በኋላ ማንም አልተከታተላቸውም። ከዚያ በኋላ ግን ይቺ አንቀጽ ከ600 ጊዜ በላይ ተጠቀሰች፣ በ2017 የተደረገ ቆጠራ እንዳሳየው የጠቀሷት አብዛኞቹ ሱስ ብርቅ መሆኑን ታረጋግጣለች ብለው ነው፣ ሰዎቹ ሆስፒታል ውስጥ የተኙ እንደነበሩ እንኳ ሳይጽፉ። በ1996 ኦክሲኮንቲን (ኦክሲኮዶን ያለበት ክኒን) ገበያ ላይ ሲወጣም ይሄው ሀሳብ ነው ለሀኪሞች ሲሰበክ የነበረው፣ የአምራቹ የፐርዱ ፋርማ እህት ኩባንያ ስለ መድሃኒቱ ሱስ አስያዥነት አሳስቶ ማስተዋወቁን በ2007 ፍርድ ቤት ቀርቦ አምኗል። ብዙ ቤት ያፈረሰ አባባል ነው፣ እንደ አዲስ እውቀት መልሶ መጻፍ አይገባም ነበር።

ቁጥሩ ምን ይላል? ከዚያ በፊት ኦፒዮይድ ወስደው የማያውቁ፣ እጃቸውን ኦፕራሲዮን የተደረጉ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች አሜሪካ ውስጥ ተከታትለዋቸው፣ 13 በመቶዎቹ ከ90 ቀን በኋላም ማዘዣ እያስሞሉ ነበር። ማዘዣ ማስሞላት ሱስ አይደለም፣ ጸሐፊው እንደዚያ ብለው ቢከራከሩኝ እቀበላለሁ። ግን ከሶስት ወር በኋላ እኮ የካርፓል ተነል ቁስል ድኗል፣ ታዲያ ክኒኑ ለምን ቀጠለ? በ2017 ብረሜት የሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ 36 ሺህ ሰዎች ላይ ያወጡት ደሞ ለእሳቸው ክርክር ይበልጥ ከባድ ነው። ትንሽ ኦፕራሲዮን ከተደረጉት 5.9 በመቶ፣ ትልቅ ከተደረጉት 6.5 በመቶ ከወራት በኋላም ኦፒዮይድ ላይ ነበሩ፣ ምንም ካልተደረጉት ግን 0.4 በመቶ ብቻ። ህመሙ ቢሆን ኖሮ የሚያቆያቸው ትልቁ ኦፕራሲዮን ከትንሹ በብዙ መብለጥ ነበረበት፣ አልበለጠም። ያጋለጣቸው ሲጋራ፣ አልኮል፣ ጭንቀት፣ ድባቴ፣ ቀድሞ የነበረ ሌላ ህመም ነው። እነዚህ ሰዎች ደካማ አይደሉም፣ ሌላ የሚያማቸው ነገር ነበረባቸው፣ ክኒኑ እሱንም ነካው።

ቢተርፍ ማንንም አይጎዳም? የሚተርፈው የት እንደሚሄድ ይታወቃል። ስድስት ጥናቶችን የሰበሰበ ግምገማ በተለያዩ ኦፕራሲዮኖች ላይ ከ67 እስከ 92 በመቶ የሚሆኑት በሽተኞች የተረፈ ክኒን ቤት እንዳላቸው አግኝቷል፣ ከአራቱ ሶስቱ ያህል ሳይቆልፉበት ነው ያስቀመጡት። አሜሪካ ውስጥ የህመም ክኒን ያለአግባብ ከሚወስዱ ሰዎች ብዙዎቹ ያገኙት ከዘመድ ወይ ከጓደኛ ነው። የአስራ ምናምን ዓመት ልጅ ያለበት ቤት መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ 19 ክኒን ማንንም አይጎዳም ብሎ መጻፍ ያስጨንቃል። ደግሞም በሽተኛው ራሱ ከወራት በኋላ ወገቡን ሲያመው "ያቺ ጠንካራዋ አለች" ብሎ ከእንቅልፍ ክኒን ወይ ከመጠጥ ጋር ቢውጣት ትንፋሹ ሊቆም ይችላል። የተረፈውን ወደ ፋርማሲ መልሱት፣ የሚቀበል ከሌለ ሀኪማችሁን ወይ ፋርማሲስቱን እንዴት እንደሚወገድ ጠይቁ፣ "ለክፉ ቀን" ብላችሁ ግን አታስቀምጡ።

አሁን ትራማዶልና ኮዴይን ለስላሳ ናቸው ወደሚለው። ይሄ ነጥብ ከሁሉም በላይ ሰው ያሳስታል፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ትራማዶልን ኦፒዮይድ መሆኑን ራሱ አያውቅም። በ2019 ቢኤምጄ በሚባለው የህክምና መጽሔት ላይ የወጣ ከ400 ሺህ በላይ ሰዎችን ያየ ጥናት ከኦፕራሲዮን በኋላ ትራማዶል የተሰጣቸው ሰዎች ሌላ ለአጭር ሰዓት የሚሰራ ኦፒዮይድ ከተሰጣቸው ጋር ሲወዳደሩ ለረጅም ጊዜ መድሃኒቱ ላይ የመቆየት እድላቸው እኩል ወይ ትንሽ ከፍ ያለ መሆኑን ነው ያገኘው። በዚያ ላይ ትራማዶል የሚጥል በሽታ ሊያስነሳ ይችላል፣ ከአንዳንድ የድባቴ መድሃኒቶች ጋርም አደገኛ ነው። ኮዴይን ደሞ ራሱ ብዙም ህመም አይቀንስም፣ ጉበት ውስጥ ወደ ሞርፊን ሲቀየር ነው የሚሰራው፣ ቀያሪው ኢንዛይም ሲዋይፒቱዲሲክስ ይባላል፣ ትራማዶልም በሱው ነው የሚያልፈው። ችግሩ ይሄ ኢንዛይም ሰው ላይ እኩል አለመሆኑ ነው። አንዳንዱ ላይ ጭራሽ አይሰራም፣ ክኒኑን ውጦ ሌሊቱን ሲሰቃይ ያድራል። ሌላው ላይ ደሞ ዘረመሉ ተደጋግሞ ስለሚገኝ ከሚገባው በላይ ፈጥኖ ይቀይረዋል፣ በተለመደው ዶዝ ብዙ ሞርፊን ደሙ ውስጥ ይገባል። ይሄ ተደጋጋሚ ዘረመል ሰሜን አውሮፓ ላይ ከመቶ አንድ ሁለት ሰው ላይ የሚገኝ ሲሆን በ1996 ኢትዮጵያውያን ላይ የተደረገው ምርመራ 29 በመቶ ላይ አግኝቶታል። ይሄን ጽሑፍ በአማርኛ ለሚያነብ ሰው ኮዴይን ለስላሳ ነው ብሎ መንገር እንግዲህ ምን ማለት እንደሆነ እሳቸው ራሳቸው ይፍረዱት።

አድሬናሊን ያለበት ማደንዘዣ ጣት ያስቆርጣል የሚለው ለረጅም ጊዜ የህክምና ተማሪ ሁሉ ሲማረው የኖረ ነገር ስለሆነ እሳቸው ላይ አልፈርድም። ግን ምንጩ ተመርምሯል። የጠፉት ጣቶች ታሪክ አብዛኛው ከ1950 በፊት ነው፣ ያኔ የሚወጋው ፕሮኬይን ሲሆን ሲቆይ እንደ አሲድ የሚሆን መድሃኒት ነበር፣ ጣቱን የጎዳው እሱ ሆኖ ጥፋቱ ግን አድሬናሊን ላይ ቀረ። ካናዳ ውስጥ ዶናልድ ላሎንድና ሌሎች ሰርጀኖች ሊዶካይን ከአድሬናሊን ጋር እጅና ጣት ላይ የተወጉ 3,110 ሰዎችን መዝግበው በ2005 አወጡ፣ አንድም ጣት አልሞተም። ቢያሰጋ ደሞ የአድሬናሊኑን ስራ የሚቀለብስ ፌንቶላሚን የሚባል መርፌ አለ፣ ለነዚያ ሁሉ ሰዎች አንዴም አላስፈለገም። ጣታቸው ቀድሞውንም ደም የሚያንሰው ሰዎች ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፣ ለሁሉም ነው አልልም።

ይሄ ለኛ ርዕስ ለምን ይጠቅማል? አድሬናሊኑ ደሙን ስለሚያቆም ክንድ ላይ ቱርኒኬ (ደም እንዳይፈስ ክንዱን አጥብቆ የሚይዝ፣ የሚያም ማሰሪያ) ማሰር ይቀራል፣ ቱርኒኬ ከሌለ ሙሉ ማደንዘዣ ወይ ማስተኛ አያስፈልግም፣ በሽተኛዋ ነቅታ ከሰርጀኑ ጋር እያወራች ይሰራላታል፣ ማቅለሽለሹ የለም፣ እዚያው ጠረጴዛው ላይ እያለች ሰርጀኑ "ክኒኖቹን በዚህ ሰዓት ጀምሪ፣ እጅሽን ከፍ አድርገሽ ያዢ" ብሎ በደንብ ይነግራታል፣ እሷም ትሰማዋለች። ከሙሉ ማደንዘዣ ለነቃ ሰው የተነገረ ምክር ግማሹ እንደሚረሳ እኛ ክፍል የሚሰራ ሁሉ ያውቀዋል።

አይቡፕሮፌንም ይጎዳል ያሉት ላይ ግን እውነት አላቸው፣ ያጋነኑት "ከኦፒዮይድ የባሰ" ያሉትን ነው። የኩላሊት ችግር ያለበት፣ የጨጓራ ቁስለት የነበረበት፣ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ፣ የልብ ድካም ያለበት፣ አስፕሪን አስም የሚያስነሳበት፣ እርግዝናዋ 20 ሳምንት የደረሰ፣ እነዚህ ሰዎች ሀኪም ሳያማክሩ መውሰድ የለባቸውም፣ ለነሱ ሌላ መንገድ ነው የሚታሰበው፣ አንዳንዴም ያ መንገድ ጥቂት ኦፒዮይድ ይሆናል። ለሌላው ጤነኛ አዋቂ ግን ለሶስት ለአራት ቀን ከምግብ ጋር መውሰድ ለመገጣጠሚያ ህመም ለወራት በየቀኑ ከመዋጥ ጋር አንድ አይደለም። አጥንት እንዳይገጥም ያደርጋል የሚለውም ስጋት አለ፣ ማስረጃው ወዲያና ወዲህ ነው፣ ለአጭር ጊዜ ጉዳቱ ጎልቶ አልታየም፣ ሰርጀናችሁ ለስብራታችሁ አትውሰዱ ካለ ግን እሱን ስሙ። ፓራሲታሞል ደሞ በ24 ሰዓት ከ4 ግራም እንዳያልፍ፣ ጉበቱ ለተጎዳ ወይ ኪሎው ለቀነሰ ሰው ከዚያም ያነሰ። ኦፒዮይድ ያለባቸው ክኒኖች አንዳንዶቹ ውስጣቸው ፓራሲታሞል አለ፣ ሳያዩ ሁለቱን የሚደራርቡ ሰዎች ስላሉ ጀርባውን አንብቡ።

ጸሐፊው አንዴም ያላነሱት ነገር ደሞ ማውራት ነው። በ2017 አርባ የካርፓል ተነል በሽተኞችን ለሁለት ከፍለው ግማሾቹን ከኦፕራሲዮን በፊት ስለ ህመሙና ስለ ኦፒዮይድ በደንብ አስረዷቸው፣ ሌሎቹን እንደተለመደው ሸኟቸው። የተነገራቸው በአማካይ 1.4 ክኒን ዋጡ፣ ያልተነገራቸው 4.2። ልዩነቱን ያመጣው ወሬ ነው። ህመሙ የማገገም አካል መሆኑን፣ በሁለት በሶስት ቀን እንደሚቀንስ፣ እጅን ከልብ በላይ አድርጎ መያዝ እብጠቱን እንደሚቀንሰው፣ ያልታሰሩትን ጣቶች ማንቀሳቀስ እንደማይጎዳ የሚያውቅ ሰው ህመሙ ሲመጣ አይደነግጥም፣ የደነገጠ ሰው ደሞ የበለጠ ያመዋል። እጃቸውን ወደ ታች አንጠልጥለው ቀኑን ሙሉ ዋሉና ማታ "ክኒኑ አልሰራም" ብለው የደወሉልን ሰዎች ብዙ ናቸው፣ ትራስ ላይ ሰቅለው ግማሽ ሰዓት ሲቆዩ የሚቀልላቸውም እንደዚያው።

አንድ ቅሬታቸውን ግን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። ክኒኑን ቀንሶ በምትኩ ምንም ሳያደርግ የሚሸኝ ሀኪም አለ፣ ኦፒዮይድ መቀነስን ቁጥር ማሳመሪያ ያደረገው አለ፣ ከዚያም ብሶ ለዓመታት ኦፒዮይድ ሲወስድ የኖረን ሰው ወይ ለሱስ ህክምናው ቡፕረኖርፊን ላይ ያለን ሰው ልክ እንደ ሌላው ቆጥሮ ለኦፕራሲዮን ብሎ የሚያስቆም አለ። አማካይ ቁጥር የተሰራው ለነዚህ ሰዎች አይደለም። ሰውነታቸው ተላምዷል፣ የሚወስዱት መቀጠል አለበት፣ የኦፕራሲዮኑ ህመም ደሞ በላዩ ላይ ለብቻው ይታሰብለታል፣ ይሄ ሁሉ ቀኑ ሳይደርስ ከማደንዘዣ ባለሙያው ጋር መነጋገር ይጠይቃል። ስማቸው ሳይጠራ ጉዳታቸው የበዛ ሰዎች ናቸውና ጸሐፊው ስለነሱ ቢጽፉ ቀድሜ የማካፍለው እኔ ነኝ።

ክፍል ሁለቱ ስለ ህጻናት ነው ተብሏል፣ በመጀመሪያው ውስጥም ጣቱ የተሰፋለት ልጅ "ቢያንስ የኮዴይን ሽሮፕ" ሊሰጠው ይገባል የሚል ፍንጭ አይቻለሁ። የአሜሪካው የመድሃኒት ተቆጣጣሪ በ2017 ኮዴይንንም ትራማዶልንም ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ለህመም እንዳይሰጡ ከልክሏል፣ የአውሮፓው ኮዴይኑን በ2013 ከልክሏል፣ ምክንያቱም ከላይ የጻፍኩት ኢንዛይም የፈጠነባቸው ልጆች ተኝተው ትንፋሻቸው ቆሞ ተገኝተዋል። ለልጅ ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን በኪሎው ተለክቶ፣ ቁስሉ ላይ ደሞ ሰርጀኑ ከመጨረሱ በፊት ረጅም የሚቆይ ማደንዘዣ ቢወጋለት ብዙ ጊዜ ይበቃዋል፣ ካልበቃው ሌላ የሚመርጥለት ሀኪሙ ነው። ጸሐፊው ይሄን ካነበቡልኝ አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምናቸው፣ ክፍል ሁለት ከመውጣቱ በፊት ያቺን የሽሮፕ አረፍተ ነገር ያውጡልኝ፣ ከመጀመሪያውም ጽሑፍ ላይ ዛሬውኑ ያጥፏት።